«ሲስተማችን ከ100 ስንት ያገኛል?» ለሚል አለቃ ምን ይመለስለታል?

ተረኛው ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ድርጅት ደንበኞች የሚመዘገቡበት፣ የሚከፍሉበትና ደረሰኝ የሚያወጡበት የኦንላይን ሲስተም አለው። በቅርቡ ግማሽ ቀን ሙሉ ቆመብን። ከዚያ ወዲህ አለቆች «ይሄ ነገር ችግር ሲመጣ ምን ያህል ይቋቋማል? ገምግምና በቁጥር አምጣ» ብለው ሥራውን እኔ ላይ ጥለውታል።

እኔም ከኢንተርኔት አንድ መጠይቅ አወረድኩ። ባክአፕ አላችሁ? አዎ። ተጠባባቂ ሰርቨር አላችሁ? አዎ። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ በጽሑፍ አላችሁ? አለን። እንዲህ እያልኩ ሞልቼ ስደምረው ከ100 ወደ 90 የሚጠጋ ነጥብ ወጣ። ሳቄ መጣ። ምክንያቱም መጠይቁን ሲስተሙ በቆመበት ቀን ማለዳ ብሞላውም ያው ነጥብ ነበር የሚወጣው፤ የተጠየቀው ነገር በሙሉ ያን ቀንም ነበረን።

እና ይህን ሥራ የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ። አንድ ሲስተም ሲናጋ መቻሉን፣ ከዚያም ራሱን አስተካክሎ መቀጠሉን እንዴት ነው የምትለኩት? አለቃዬ የሚያነበው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱንም ልብ በሉልኝ።

ዳታቤዝ ነኝ፦

መጠይቅህ የሚጠይቀው «አለ ወይ?» ብሎ ነው። «ሠርቶ ያውቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ የለበትም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ጊትላብ በሚባለው የፕሮግራመሮች የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት ላይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የሆነውን ፈልገህ አንብብ፤ ራሳቸው ምንም ሳይደብቁ በአደባባይ ጽፈውታል። አንድ ኢንጂነር ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። 300 ጊጋባይት አካባቢ ነው። አይዞን ባክአፕ አለ ተባለ። ለካ በየቀኑ የሚወሰደው ባክአፕ የፕሮግራሙ ቨርዥን ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ ዝም ብሎ ሲከሽፍ ኖሯል። ሲከሽፍ የሚልከው የማስጠንቀቂያ ኢሜይልም በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ እየተደረገ ማንም ጋ አልደረሰም። ባክአፑ የሚቀመጥበት ቦታ ሲከፈት ባዶ። አምስት ዓይነት የባክአፕና የኮፒ ዘዴ ነበራቸው፤ ያን ሌሊት አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ያወጣቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሙከራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ የወሰደው ኮፒ ነው። የ6 ሰዓቱ ዳታ ግን ሄደ።

ያንተን መጠይቅ በዚያው ቀን ጠዋት ሰጥተሃቸው ቢሆን ኖሮ አንደኛ ይወጡ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ባክአፕህን ከዋናው ውጪ በሆነ ማሽን ላይ መልሰው። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፍ። ከዚያ በተመለሰው ዳታ ውስጥ የመጨረሻው ክፍያ የስንት ሰዓት እንደሆነ እይ። የመጀመሪያው ቁጥር ነገር ቢመጣ ስንት ሰዓት ቆማችሁ እንደምትቀሩ ይነግርሃል፤ ሁለተኛው የስንት ሰዓት ሥራ እንደምታጡ። ከ90ው ነጥብ እነዚህ ሁለቱ ይሻላሉ። እና እባክህ፣ መመለሱን ባክአፑን የሠራው ሰው ራሱ አይሥራው። ሌላ ሰው ጽሑፉን ብቻ ይዞ ይሞክር። ጽሑፉ የት ጋ እንደሚጎድል ያኔ ይታያል።

ጋሽ ቮልት፦

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬ ያለቀው በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ሥራ ላይ ነው። ከላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። «ሲስተሙ ይቋቋማል» ስንል የትኛው አገልግሎት ነው የሚቋቋመው? የትኛውን አደጋ? በማን ዓይን ታይቶ? ይህ ሳይለይ የሚሰጥ ነጥብ ትርጉም የለውም።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2019 ብሪታንያ ውስጥ መብረቅ አንድ የማስተላለፊያ መስመር መታ። መብረቅ ለእኛ የየዕለት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን በዚያው ቅጽበት አንድ ትልቅ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫና አንድ የጋዝ ማመንጫ ተያይዘው ከመረቡ ወጡ። ለድንገተኛ የተያዘው መጠባበቂያ 1,000 ሜጋ ዋት ነበር፤ የጠፋው በጠቅላላው ከ1,800 በላይ። 50 ኸርዝ መሆን ያለበት ፍሪኩዌንሲ፣ ማለት የኤሌክትሪኩ ምት በሰከንድ፣ ወደ 48.8 ወረደ። እዚያ ላይ አውቶማቲክ መቁረጫው 1.1 ሚሊዮን ያህል ደንበኞችን ቆርጦ ቀሪውን አዳነ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሁሉም ኃይል ተመለሰለት። በእኔ ሙያ ዓይን ስታየው መረቡ ጥሩ ሠርቷል። ጥቂቱን አውቆ ጥሎ ብዙውን አቆመ፣ ቶሎም ተመለሰ።

ባቡር ላይ ለነበረው ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ዓይነት ባቡሮች ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ራሳቸውን አጠፉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹን ሹፌሩ መልሶ ማስነሳት አልቻለም፤ ቴክኒሻን ላፕቶፕ ይዞ ባቡሩ ድረስ መሄድ ነበረበት። ሰው ለሰዓታት ባቡር ውስጥ ተቀመጠ፤ ግርግሩ ለማግስቱም ተርፏል። እንግዲህ ያን ቀን «ሲስተሙ» ተቋቋመ ወይስ አልተቋቋመም? ድንበሩን ኃይል መረቡ ላይ ካቆምከው አዎ። እስከ ተሳፋሪው ካደረስከው አይደለም። አንተም ሰርቨርህ ተነሥቶ ደንበኛው ግን ደረሰኙን እስኪያገኝ ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው ማየት ያለብህ።

ለመለካቱ ደግሞ በሥዕል ማሰብ ይረዳል። በመሬት መንቀጥቀጥ ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች፣ እነ ሚሼል ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት አሠራር ነው። ጊዜውን በአግድም፣ አገልግሎቱ ከመቶ ስንት እየሠራ እንደሆነ በቁም አስቀምጥ። አደጋው ሲመጣ መስመሩ ይወርዳል፣ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ መሐል ላይ የተፈጠረው ጉድጓድ የያዘው ቦታ በሙሉ ነው ጉዳትህ። ጥልቀቱ አንድ ነገር ነው፣ ርዝመቱ ሌላ። አንዱ ሲስተም ሙሉ በሙሉ ወድቆ በ10 ደቂቃ ይነሣል፤ ሌላው በግማሽ ኃይሉ ሳምንት ይጎትታል። የትኛው እንደሚሻል ሂሳቡ አይነግርህም። የምትሸጠው አገልግሎት ነው የሚነግርህ።

ተጠባባቂ አለን ያልከውንም አልወደድኩትም። በጃፓኑ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ በፉኩሺማ ላይ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ተጠባባቂ ጀነሬተር ጠፍቶ አይደለም። በብዛት ነበረ። አብዛኛው ግን ምድር ቤት ውስጥ ነበርና አንድ ማዕበል አንድ ላይ ዋጠው። 5ኛውንና 6ኛውን ሪአክተር ያተረፈው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠና ለማቀዝቀዣ የባሕር ውሃ የማይፈልግ አንድ ጀነሬተር ነው። ስንት ተጠባባቂ አለን ብለህ ከመቁጠርህ በፊት ስንቱን አንድ ነገር ሊወስደው እንደሚችል እይ።

ቀጥተኛው፦

ጋሼ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ሰውዬው የተጠየቀው ቁጥር ነው። አለቃ ፉኩሺማ ምን ያደርግለታል? ያለፈውን ዓመት ሎግ (የሲስተሙን መዝገብ) አውጣ፣ የቆመበትን ሰዓት ደምር፣ «99.9 ከመቶ ይሠራል» በል፣ ተገላገል።

የሌሊት ፈረቃ፦

99.9 ማለት እኮ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መቆም ማለት ነው። ይህ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ግን አንድ ጊዜ የሥራ ቀንን ሙሉ የበላ መቆም ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከ500 ጊዜ በላይ እየመጣ የሚሄድ የአንድ አንድ ደቂቃ መቆራረጥ። ቁጥሩ ያው፣ ሕይወቱ ሌላ። ለክፍያ ሲስተም የመጀመሪያው ጥፋት ነው፤ ሁለተኛውን ደንበኛው «ኔትወርክ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሌላው ችግር፣ ይህ ቁጥር የሚያወራው ስላለፈው ነው። ዓመቱን ሙሉ ምንም ካልነካህ 100 ከመቶ ታገኛለህ፤ ያ ስለ ዕድልህ እንጂ ስለ አቅምህ ምንም አይልም።

ቀጥተኛው፦

እሺ ይሁን። ግን ቁጥር ካልተሰጠ ደግሞ በጀት አይሰጥም፣ ይህንንም እወቁ። ረጅም ትንታኔ ይዞ የገባ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። ስብሰባ ውስጥ የሚያሸንፈው ቁጥር ነው፣ ወደድንም ጠላንም።

ተረኛው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሽ ቮልት በተለይ ስለ ባቡሩ። ቀጥተኛውም አልተሳሳተም፤ የእኔ አለቃ ያለ ቁጥር አይንቀሳቀስም።

ባክአፕ የመመለሱን ሙከራ ፈቅደውልኛል። የቀረውን ግን አይፈቅዱም። ሰርቨር ሆን ብለን እናጥፋና እንይ ስላቸው «አብደሃል እንዴ?» ነው ያሉኝ። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። የሚሠራውን ሲስተም ሳልነካ ምን ማድረግ እችላለሁ?

የሌሊት ፈረቃ፦

ትክክል ናቸው፣ ከዚያ አይጀመርም። ኔትፍሊክስ በሥራ ሰዓት ሰርቨር በዘፈቀደ የሚገድል ፕሮግራም አለው ሲባል ሰው ይቀናል፤ ቻኦስ መንኪ ይባላል። ግን እነሱ መጀመሪያ አንዱ ሰርቨር ቢሞት ሌላው እንዲተካው አድርገው ሠርተው፣ ከዚያ ነው መተካቱን ያለማቋረጥ የሚያረጋግጥ ነገር የለቀቁበት። ቢሞት እንደሚወድቅ እያወቅክ መግደል ሙከራ አይባልም።

በጠረጴዛ ዙሪያ ጀምር። ሲስተሙን የሚነኩትን ሰዎች ሰብስብና አንድ አደጋ ስጣቸው። «አሁን 4 ሰዓት ነው፤ ክፍያ መቀበል ቆሟል፤ ስልክ መጮህ ጀምሯል። መጀመሪያ ማን ያውቃል? በምን ያውቃል?» ከዚያ አንድ በአንድ። አጠቃላይ መልስ አትቀበል። «ወደ ተጠባባቂው እናዞረዋለን» ሲሉህ፣ ማን? ከየትኛው ኮምፒውተር? በየትኛው ፓስወርድ? ፓስወርዱ የት ነው የተቀመጠው? እሱስ ያለዚህ ሲስተም ይከፈታል? እዚህ ጋ ነው ዝምታ የሚመጣው። ያቺን ዝምታ ጻፋት፤ ከመጠይቁ በሙሉ የምትበልጥ መረጃ ናት።

መሐል ላይ ደግሞ ሁሉም የሚጠይቀውን ሰው፣ በየቡድኑ አንድ አለ መቼም፣ «አንተ አሁን አውሮፕላን ውስጥ ነህ» በለውና አፉን አዘጋው። እሱ ሲወጣ ስንቱ ነገር አብሮት እንደሚወጣ ታያለህ። ሲስተማችሁ የሚቋቋመው በሱ ከሆነ፣ እሱ የሚታመምበትን ቀን እየጠበቃችሁ ነው።

ትልቁን የምትፈልገው ግን ማዳኛው ራሱ በምን ላይ እንደቆመ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ለ6 ሰዓት ያህል ከዓለም ሲጠፋ መነሻው በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ዳታ ሴንተሮቹን (ሰርቨሮቹ የሚቀመጡባቸውን ማዕከሎች) የሚያገናኘውን ዋና መስመር በሙሉ ጣለው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚያግድ መፈተሻ ነበራቸው፤ መፈተሻው ራሱ ግን ስህተት ነበረበትና አሳለፈው። ከዚያ የባሰው መጣ። ኢንጂነሮቹ ችግሩን የሚያዩባቸውና የሚያስተካክሉባቸው መሣሪያዎችም በዚያው ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ሰው በአካል ዳታ ሴንተር ድረስ ተላከ፤ እዚያም ለጥበቃ ተብሎ በሩም ማሽኑም በቀላሉ የማይነካ ሆኖ ስለተሠራ ጊዜ ወሰደ። የአማዞንም ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 ኤስ ስሪ የሚባለው የፋይል ማከማቻቸው ሲወድቅ፣ ለደንበኛ «ችግር አለ» ብሎ የሚያሳየው ገጽ ሊስተካከል አልቻለም፤ ማስተካከያው ራሱ የወደቀውን ማከማቻ ይጠቀም ነበርና። የቤቱን መለዋወጫ ቁልፍ ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው።

በዚያው አደጋ ሰው ብዙም የማያወራው ሌላ ነገር አለ። ማከማቻውን መልሶ ማስነሣት ከጠበቁት በላይ ፈጀ። አንዳንዱን ክፍል ለዓመታት ሙሉ በሙሉ አጥፍተው አስነሥተውት አያውቁም ነበር፤ በዚያ መሐል ደግሞ ሲስተሙ እጅግ አድጎ ነበር። ስለዚህ «ሪስታርት 10 ደቂቃ ይፈጃል» ሲሉህ፣ ያ 10 ደቂቃ መቼ እንደተለካና ያኔ ሲስተሙ ምን ያህል እንደነበር ጠይቅ።

እና አንድ የመጨረሻ። ሲስተሙ ሲመለስ ደንበኛ ሁሉ በአንዴ ይጎርፋል። አፑ ደግሞ መልስ ሲያጣ በየሰከንዱ ድጋሚ እንዲሞክር ተደርጎ ከተሠራ፣ ገና በእግሩ ያልቆመውን ሰርቨር መልሶ ይጥለዋል። ሙከራው እየቆየ እየቆየ፣ በየደንበኛው በተለያየ ሰዓት እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ፕሮግራመሮቹን ጠይቃቸው፤ ይህን ለማወቅ ምንም ማጥፋት አያስፈልግም።

ጋሽ ቮልት፦

ስለ ጎርፉ ያልከው በእኛም አለ። ረጅም ሰዓት የጠፋ አካባቢ ኃይል ሲመለስለት ከመጥፋቱ በፊት ይወስድ ከነበረው በላይ ይስባል፤ ፍሪጁ፣ ማሞቂያው፣ ሁሉም እኩል ይነሣል። ስለዚህ ቁራጭ በቁራጭ ነው የምንመልሰው። እናንተም ደንበኛውን በየተራ የምታስገቡበት መንገድ ይኑራችሁ።

ደን ለደን፦

ሁላችሁም ስለ መውደቅና መነሣት ነው የምታወሩት፤ ጠያቂው ግን «ራሱን አስተካክሎ መቀጠል» ብሏል። እሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ ሥነ ምህዳር ላይ ነኝ፤ «መቋቋም» የሚለው ቃሉም ሐሳቡም እኛ ጋ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲ. ኤስ. ሆሊንግ የሚባለው ተመራማሪ የጻፈው ነገር ነው የሁሉ መነሻ፤ አለመናወጥና መቋቋም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አለ። ምሳሌው በሰሜን አሜሪካ ጥድ ደኖች ላይ የሚነሣ አንድ ትል ነው። ትሉ በየተወሰነ ዘመን ይፈላና ደኑን ያራቁተዋል፤ ከዚያ ይጠፋል፤ ደኑ ተመልሶ ያድጋል። በቁጥር ብታየው መረጋጋት የሚባል የለውም። ግን ደን ሆኖ ይቀጥላል። በተቃራኒው ለዓመታት ቀጥ ያለ መስመር የሚያሳይ ሲስተም አንድ ድንበር ካለፈ በኋላ ላይመለስ ይችላል። ትንንሽ እሳት ሁሉ የሚጠፋበት ደን ደረቅ ቅጠሉና እንጨቱ እየተከመረ ሄዶ አንድ ቀን ትልቁ እሳት ይመጣበታል።

እና እኔ ብሆን የምጠይቀው፣ ዕቅዱ ውስጥ የሌለ ነገር ሲመጣ ይህ ቡድን ምን ያደርጋል? የሚለውን ነው። ለዚህ ምሳሌ ሜርስክ ነው፣ የመርከብ ድርጅቱ። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የሚባለው ቫይረስ ኮምፒውተሮቻቸውን አወደማቸው። የቦርዱ ሊቀ መንበር በኋላ እንደተናገረው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተጫነ፤ በዚያ ጊዜ ሥራው የቀነሰው ግን በ20 ከመቶ ብቻ ነው። ሰው በእጁ፣ በወረቀትና በስልክ ነበር የሚሠራው። ይህ አቅም በየትኛውም የሰርቨር ዝርዝር ላይ አይታይም፤ ሠራተኛው ሥራውን ከስክሪኑ ባሻገር ስለሚያውቀው ነው የተገኘው። ያንተስ ሠራተኞች ሲስተሙ ከጠፋ ደረሰኝ በእጅ መቁረጥ ያውቃሉ? ከተመለሰ በኋላስ የእጁን መዝገብ ወደ ሲስተሙ የሚያስገባ አለ?

ከዚያው ታሪክ ሌላ ነገር ልጨምር። የመግቢያ ፈቃድ የሚያስተዳድሩት ሰርቨሮቻቸው በሙሉ ሲጠፉ አንድ ቅጂ ጋና ውስጥ ተርፎ ተገኘ። የተረፈው ቫይረሱ በተነሣበት ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። ያንን አቅም ነው ብሎ የሚመዘግብ ገምጋሚ ካለ ከሥራው መባረር አለበት። በግምገማህ ውስጥ «ባለፈው ጊዜ ተርፈናል» የሚል ካለ፣ በምን እንደተረፋችሁ ለያይተህ ጻፍ።

ዳታቤዝ ነኝ፦

@ደን ለደን ያልታሰበውን እንዴት ትለካለህ ታዲያ? ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር ፈተና አይወጣለትም እኮ።

ደን ለደን፦

በቀጥታ አይለካም። ምልክቱን ነው የምታየው። የደኅንነት ተመራማሪው ኤሪክ ሆልናገል የሚቋቋም ሲስተም አራት ነገር ይችላል ይላል፤ የሚሆነውን መከታተል፣ ለመጣው ምላሽ መስጠት፣ ካለፈው መማር፣ የሚመጣውን ማሰብ። እኔ ከአራቱ መማሩን ነው የምፈትሸው፤ ለማየት ስለሚቀል። ካለፈው መቆም በኋላ ምን ተቀየረ? «ጥንቃቄ እንዲደረግ ተነግሯል» ከሆነ መልሱ፣ ምንም አልተቀየረም ማለት ነው።

ደግሞ ልምምድ ለዚያ ለተለማመዱት አደጋ ብቻ አይጠቅምም። የሌሊት ፈረቃ ያነሣው የፌስቡክ ነገር ላይ፣ ዋናው መስመር ዓለም አቀፍ ሆኖ ሲወድቅ ተለማምደው አያውቁም፤ ራሳቸው ናቸው ያሉት። ግን ዳታ ሴንተር የማጥፋት ልምምድ ለዓመታት ያደርጉ ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁሉንም አገልግሎት በአንዴ ቢያስነሡት የኤሌክትሪክ ጭነቱ ሌላ አደጋ ይሆን ነበር፤ ቀስ አድርገው የመለሱት በዚያ ልምምድ ነው። ያልጠበቁት አደጋ ላይ የሌላ አደጋ ልምምድ ሠራላቸው።

ቀጥተኛው፦

አሁን የሚገባኝ ነገር ተባለ። እስካሁን የተነሣው ሁሉ ሲጨመቅ አንድ ገጽ ይወጣዋል? ያ ነው ጥያቄው።

ተረኛው፦

የጠረጴዛውን ልምምድ አደረግነው። የሌሊት ፈረቃ ያልከው ዝምታ መጣ። የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ፣ ከነስልክ ዝርዝሩ፣ የተቀመጠው በውስጥ ኔትወርካችን ፎልደር ላይ ነው፤ እዚያ የሚገባው ደግሞ በዋናው ሲስተም መግቢያ በኩል ነው። ሲስተሙ ሲወድቅ ዕቅዱም አብሮ ይወድቃል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ዋናውና ተጠባባቂው ሰርቨር በአንድ ክፍል፣ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ናቸው (ጋሼ፣ እርስዎን አስታወስኩ)። ሦስተኛ፣ «አውሮፕላን ውስጥ ነህ» ያልነው ልጅ ሲወጣ ወደ ተጠባባቂው ማዞር የሚችል ሰው አልተገኘም።

ባክአፑ ተመለሰ፣ እሱ ደህና ነው። ግን ዕቅዱ 2 ሰዓት የሚለው 7 ሰዓት ፈጀ።

አሁን ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ እንዴት ላቅርበው? 90ውን ነጥብ ብጥለው «የታለ ቁጥሩ?» ይሉኛል።

የሌሊት ፈረቃ፦

ቁጥርማ አለህ። «ባክአፕ መመለስ፣ የታቀደው 2 ሰዓት፣ የተለካው 7 ሰዓት» ብለህ ጀምር። ከዚህ በላይ አለቃ የሚገባው ቁጥር የለም።

ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ መስመር ስጥ፤ ምዝገባ፣ ክፍያ፣ ደረሰኝ። በመስመሩ ላይ የትኛው አደጋ እንደሆነ፣ ድርጅቱ ስንት ሰዓት መታገሥ እንደሚችል፣ ስንት ሰዓት እንደተለካ። የመታገሻውን ሰዓት አንተ አትወስነው፣ እነሱ ይወስኑ፤ ለዚህ ነው አለቃ የሆኑት። ያልተለካውን ደግሞ በግምት አትሙላው። «አልተሞከረም» ብለህ ጻፍ። ባዶ ሣጥን ስብሰባ ላይ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ ፈቃድ ይመጣል።

ቀጥተኛው፦

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ከላይ ግን በደማቁ አንድ ነገር ብቻ አድርግ፤ 2 እና 7ን። የቀረው ከታች ይግባ።

ጋሽ ቮልት፦

አንድ ገጹ ላይ የተለካበትን ቀን አስፍር። ሲስተሙ ሲቀየር፣ ሰው ሲለቅ፣ ደንበኛ ሲበዛ ያ ቁጥር ያረጃል፤ የዛሬው 7 ሰዓት የከርሞ ዳታ ላይ 7 አይሆንም። ለዕቅዱና ለስልክ ዝርዝሩ ግን ስብሰባ አትጠብቅ። ዛሬውኑ አትመህ ለየተረኛው አንድ አንድ ቅጂ ስጥ፣ ልጁንም ማዞሩን ለሌላ ሁለት ሰው እንዲያሳይ አድርገው። ለእነዚህ በጀት አያስፈልግም።